ብዙ አድራሻ በአንድ ሣጥን፦ የድረ ገጽ ኢ-ሜይሎችን ስለ ማሰባሰብ

ድረ ገጽ ያለው ማንኛውም ተቋም፣ ትንሽም ቢሆን፣ ውሎ አድሮ ከአንድ በላይ የኢ-ሜይል አድራሻ ያስፈልገዋል። ለአብነት ያህል በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመ የተማሪዎች የሳይንስ ክበብ እንውሰድ። ክበቡ የራሱ ድረ ገጽ አለው፤ በገጹ ግርጌም ሦስት አድራሻዎች ተጽፈዋል። አንዱ ለጠቅላላ ጥያቄ፣ ሁለተኛው ለውድድር ምዝገባ፣ ሦስተኛው ለክበቡ መጽሔት ጽሑፍ ለሚልኩ ሰዎች የተመደበ ነው። በመጀመሪያው ወር ሦስቱም ሣጥኖች በየቀኑ ይከፈታሉ። በሁለተኛው ወር የመጽሔቱ ሣጥን በሳምንት አንድ ጊዜ ቢታይ ነው። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሚያስታውስ ሰው እንኳ ይጠፋል። ከደሴ ወይም ከጅማ የውድድር ማመልከቻ የላከው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ሁሉ አያውቅም። ደብዳቤው ደርሷል፤ መልስ ግን የለም። እርሱም አልተፈለግሁም ብሎ ይተወዋል።

መፍትሔው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሦስቱን አድራሻዎች በአንድ ሣጥን ማሰባሰብ ነው። ይህን ለማድረግ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንደሚገባ የሚያሳዩ መመሪያዎች ሞልተዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን አሠራር ማየት መርጠናል። ምክንያቱም ቁልፎቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ የኢ-ሜይል መሠረታዊ አሠራር ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሳይናወጥ ቆይቷል። ደግሞም ማሰባሰቡን አከናወንን ብለው ያረፉ ሰዎች ደብዳቤ የሚጠፋባቸው በአብዛኛው ይህን አሠራር ካለማወቅ ነው። ገቢውን ደብዳቤ በአንድ ቦታ መቀበል ቀላል ሲሆን፣ አስቸጋሪው በመንገድ ላይ ያለው ፍተሻና ወጪው ደብዳቤ ነው።

አድራሻና ሣጥን

በአገራችን የፖስታ አገልግሎት ደብዳቤ በአብዛኛው እየዞረ ቤት ለቤት አይታደልም፤ ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይሄዳል እንጂ። የግል ሣጥን የሌላቸው ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው፣ ሠራተኞችም በመሥሪያ ቤታቸው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲጠቀሙ ኖረዋል። ስለዚህ በአንድ ሣጥን ውስጥ የብዙ ሰዎች ደብዳቤ ይገባል፤ የሚለያቸው በፖስታው ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። አድራሻ ሌላ፣ ሣጥን ሌላ መሆኑን የተገነዘበ አንባቢ የርእሳችንን ግማሽ ተረድቷል ማለት እንችላለን።

የኢ-ሜይል አድራሻ በ@ ምልክት የተለያዩ ሁለት ክፍሎች አሉት። ምልክቱን ለዚህ አገልግሎት የመረጠው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1971 ነበር። በዚያን ጊዜ መልእክቱን የተለዋወጡት ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ነበሩ፤ የሚያገናኛቸው መንገድ ግን የዛሬው ኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው አርፓኔት ብቻ ነበር። እኛ ለዚህ ጽሑፍ የክበቡን አድራሻዎች መረጃ@ክበብ.ምሳሌ፣ ምዝገባ@ክበብ.ምሳሌ እና መጽሔት@ክበብ.ምሳሌ እያልን እንጽፋቸዋለን። በፊደላችን መጻፋችን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡት ደረጃዎች በማንኛውም ሕዝብ ፊደል የተጻፈ አድራሻ ይፈቅዳሉ፤ ዳሩ ግን የማይቀበሉት ሰርቨሮች ዛሬም ጥቂት አይደሉም።

ከ@ ምልክት ቀጥሎ ያለው ክፍል ዶሜን ይባላል። ላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ይዞ ከመነሣቱ በፊት «የዚህ ዶሜን ደብዳቤ ተቀባይ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠየቀው ዲኤንኤስ ነው፤ ይህም ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው፣ በዓለም ዙሪያ በተሠራጩ ሰርቨሮች ላይ የሚገኝ የስሞች መዝገብ ነው። ለደብዳቤ የተመደበው የመዝገቡ ዓምድ ኤምኤክስ ይባላል፤ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ1986 ተደነገገ። አንድ ዶሜን ብዙ ኤምኤክስ ሊኖረው ይችላል፤ እያንዳንዱ የቅድሚያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ያነሰው ቀድሞ ይሞከራል፤ እርሱ ካልመለሰ ቀጣዩ ይሞከራል። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተርና ደብዳቤውን የሚቀበለው ኮምፒውተር አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር አለመኖሩን ነው። ድረ ገጹ አዲስ አበባ፣ ደብዳቤው ደብሊን ሊሆን ይችላል።

ከ@ ምልክት በፊት ያለው ስም ግን ለተቀባዩ ሰርቨር ብቻ የቀረበ ነው። «ምዝገባ» ማን እንደሆነ የሚያውቀው የክበቡ ሰርቨር ነው እንጂ ሌላ ማንም አይደለም። ራሱን የቻለ ሣጥን ሊሰጠው፣ ከሌላ ሣጥን ጋር ሊያዛምደው፣ ወደ ሌላ አገር ሊያስተላልፈው ወይም አላውቀውም ሊል ይችላል። ማሰባሰብ የምንለው ሥራ ሁሉ የሚፈጸመው በዚህ የመወሰን ነጻነት ላይ ነው።

ፖስታውና ደብዳቤው

ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚለዋወጡበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል፤ ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1982 ያወጣው ነው። ደንቡ እንደ ሁለት ሰዎች ንግግር ነው ቢባል አልተጋነነም። ላኪው ሰርቨር ራሱን ያስተዋውቃል፤ ቀጥሎ ላኪው እገሌ ነው ይላል፤ ቀጥሎ ተቀባዩ እገሌ ነው ይላል፤ በመጨረሻም እነሆ ደብዳቤው ብሎ ጽሑፉን ያፈስሳል። ተቀባዩም ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በቁጥር ይመልሳል። 250 «እሺ»፣ 354 «ጽሑፉን ቀጥል»፣ 550 «አልቀበልም» እንደ ማለት ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በንግግሩ መካከል የተጠሩት ላኪና ተቀባይ በፖስታው ላይ እንደ ተጻፈ አድራሻ ናቸው። እኛ በስክሪን ላይ የምናያቸው «ከ»፣ «ለ» እና «ግልባጭ» ግን በደብዳቤው ራስጌ ላይ የሰፈሩ ናቸው። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ ደንቡ አያስገድድም። ስውር ግልባጭ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተቀባዩ ስም በፖስታው ላይ አለ፣ በደብዳቤው ላይ ግን የለም። አጭበርባሪዎች በሌላ ሰው ስም ደብዳቤ መላክ የቻሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በመስመሩ ላይ የነበሩት ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚተማመኑ ሰዎች ስለ ነበሩ ደንቡ ማኅተም አልጠየቀም። ማኅተሙ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም አድራሻ አሰባሳቢዎችን ክፉኛ አስቸገረ።

የማሰባሰቢያ መንገዶች

ከሁሉ የሚቀልለው መንገድ ተቀጽላ ስም መጠቀም ነው። የክበቡ ሰርቨር አንድ እውነተኛ ሣጥን ይከፍታል፤ ሦስቱም አድራሻዎች የዚያው ሣጥን ስሞች ይሆናሉ። ደብዳቤው ከሰርቨሩ ስለማይወጣ በመንገድ የሚደርስበት ነገር የለም። ሦስቱም አድራሻዎች በአንድ ዶሜን ሥር ከሆኑና አገልግሎት ሰጪው ከፈቀደ ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ አያሻም እንላለን።

ችግሩ የሚመጣው አድራሻዎቹ በተለያዩ ዶሜኖች ሥር ሲሆኑ፣ ወይም የክበቡ አባላት ደብዳቤውን በለመዱት የግል ሣጥን ማንበብ ሲፈልጉ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚመርጡት ማስተላለፍን፣ በተለምዶ አጠራሩ ፎርዋርድ ማድረግን፣ ነው። የክበቡ ሰርቨር የደረሰውን ደብዳቤ ወዲያውኑ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል። አንድ መስመር ጽፎ መተው ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ያለ ችግር ሲሠራ ኖሯል።

አሁን ግን የተላለፈው ደብዳቤ ሁለት ፍተሻዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በሙከራ ደረጃ ወጥቶ በ2014 የጸና ነው። የአንድ ዶሜን ባለቤት በእኔ ስም ደብዳቤ እንዲያደርሱ የፈቀድሁላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው ብሎ በዲኤንኤስ ዝርዝር ያወጣል። ተቀባዩም በፖስታው ላይ የተጻፈውን የላኪ ዶሜን አይቶ፣ ደብዳቤውን ያመጣው ሰርቨር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ይመረምራል።

እንግዲህ የተማሪያችንን ማመልከቻ በመንገዱ ላይ እንከተለው። የተማሪው ትምህርት ቤት ሰርቨር ቁጥሩ 192.0.2.10 ነው እንበል፤ የትምህርት ቤቱም ዝርዝር የሚፈቅደው ይህንኑ ቁጥር ብቻ ነው። ደብዳቤው ቁጥሩ 203.0.113.7 ወደ ሆነው የክበቡ ሰርቨር ይደርሳል፤ ፍተሻውን ያልፋል። የክበቡ ሰርቨር ደግሞ ክበቡ ወደ መረጠው ትልቅ የኢ-ሜይል አገልግሎት ያስተላልፈዋል። ትልቁ ሰርቨር የሚያየው ነገር ምንድን ነው? በፖስታው ላይ የተጻፈው ላኪ የትምህርት ቤቱ ዶሜን ነው፤ ደብዳቤውን ያመጣው ግን 203.0.113.7 ነው፤ ይህ ቁጥር በትምህርት ቤቱ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ሐቀኛው ደብዳቤ ከአጭበርባሪ ደብዳቤ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል። ወይ ወደ ስፓም ይጣላል፣ ወይ ጨርሶ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ ለተማሪው የሚደርሰው ማስታወቂያ እርሱ ጨርሶ ያልጻፈለትን አንድ የማይታወቅ አድራሻ የሚጠቅስ ይሆናል። ከዚህ በላይ ግራ የሚያጋባ መልስ ማሰብ ያስቸግራል።

ለዚህ የተገኘው ዘዴ አስተላላፊው ሰርቨር በፖስታው ላይ ያለውን የላኪ አድራሻ በራሱ ዶሜን እንዲተካ ማድረግ ነው። ይህም ኤስአርኤስ ይባላል። ያን ጊዜ የኤስፒኤፍ ፍተሻ ያልፋል፤ ነገር ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ደንብ ይከተላሉ።

ሁለተኛው ፍተሻ ዲኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። በእኛ አገር ልማድ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት ዘንድ ዋጋ እንደሌለው ሁሉ፣ ዲኪምም የዶሜኑ ዲጂታል ማኅተም ነው። ላኪው ሰርቨር ከደብዳቤው አካልና ከተመረጡ የራስጌ መስመሮች አንድ የሒሳብ ውጤት አስልቶ በምስጢር ቁልፉ ይፈርምበታል፤ ተቀባዩ በዲኤንኤስ በተገለጸው ይፋዊ ቁልፍ ያረጋግጣል። ማኅተሙ በደብዳቤው ላይ የተመታ ስለሆነ ደብዳቤውን ማን እንዳመጣው አይገደውም። በመሆኑም ቢተላለፍም ይጸናል፤ ነገር ግን ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ይፈርሳል። አስተላላፊው ሰርቨር ለመልካም ብሎ በግርጌ «ይህ መልእክት ከቫይረስ ነጻ መሆኑ ተመርምሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጨምር፣ ወይም ርእሱን በፈረመው ደብዳቤ ላይ ከርእሱ በፊት «ምዝገባ» የሚል ቃል ቢለጥፍ ማኅተሙ ተሰበረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ዲማርክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ራሱ ፍተሻ ሳይሆን የሁለቱ ዳኛ ነው። አንባቢው በስክሪን ላይ በሚያየው «ከ» መስመር ያለውን ዶሜን ይወስዳል፤ ከሁለቱ ፍተሻዎች ቢያንስ አንዱ በዚሁ ዶሜን ስም አልፎ እንደሆነ ይጠይቃል። በኤስአርኤስ የተተካው ፖስታ ያለፈው በክበቡ ዶሜን ስም ነው፤ «ከ» የሚለው ግን የትምህርት ቤቱን ዶሜን ይዟል። ስለዚህ በዲማርክ ፊት አይቆጠርለትም። የሚቀረው መተማመኛ ያልተነካ የዲኪም ማኅተም ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ምክራችን አጭር ነው። ማስተላለፍ ግድ ከሆነ ደብዳቤው እንዳለ ይተላለፍ፤ ርእሱም ሆነ አካሉ አይነካ።

ይህ ሁሉ የባለሙያዎች ጥንቃቄ ብቻ ይመስል የነበረው ጊዜ አልፏል። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስቱንም በብዛት ለሚልኩ ሰዎች ግዴታ አድርገዋል፤ በጉግል መለኪያ «በብዛት» ማለት ወደ ግል የጂሜይል ሣጥኖች በቀን 5,000 ያህል መላክ ነው። ጥቂት የሚልኩትም ቢሆኑ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም አንዱን ማሟላት ይጠበቅባቸዋል። ሌላም የማስተላለፍ ጉዳት አለ። የክበቡ ሰርቨር የሚያስተላልፈው ሐቀኛውን ብቻ አይደለም፤ የሚደርሰውን ስፓም ሁሉ ያስተላልፋል። ትልቁ አገልግሎት ግን ስፓሙን ከ203.0.113.7 እንደ መጣ ይቆጥረዋል፤ ቀስ በቀስም የክበቡን ሰርቨር ስም ያጠፋዋል።

ከማስተላለፍ የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ሰብሳቢው ሣጥን ራሱ ሄዶ እንዲያመጣ ማድረግ ነው። ደብዳቤው መጀመሪያ በክበቡ ሰርቨር ላይ በሰላም ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰብሳቢው የይለፍ ቃል ሰጥቶ ይወስደዋል። በኤስኤምቲፒ መንገድ ዳግመኛ ስላልተጓዘ የኤስፒኤፍ ጣጣ አይነካውም። ለዚህ የሚያገለግለው ፖፕ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀምሮ በ1988 ሦስተኛ መልኩን ያዘ። የፖፕ ልማድ ደብዳቤውን አምጥቶ ከሰርቨሩ መሰረዝ ነው፤ ይህ ስልክም ላፕቶፕም ለሚጠቀም ሰው አይመችም። ከዚህም በላይ አንዳንድ ትልልቅ አገልግሎቶች ይህን መንገድ እየዘጉት ነው። ጉግል ጂሜይል ከሌሎች ሣጥኖች በፖፕ ደብዳቤ የሚያመጣበትን አሠራር ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደሚያቋርጥ አስታውቋል። ስለዚህ አዲስ የሚጀምር ክበብ በዚህ ላይ ባይመሠረት ይመረጣል።

አራተኛው መንገድ ምንም ሳያንቀሳቅሱ ማየት ነው። ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነደፈው አይማፕ ደብዳቤውን በሰርቨሩ ላይ ይተወዋል፤ የተነበበና ያልተነበበ መሆኑም እዚያው ይመዘገባል። እንደ ተንደርበርድ ያለ ፕሮግራም ሦስትም ሆነ አሥር ሣጥኖችን በአይማፕ ከፍቶ በአንድ የጋራ ዝርዝር ያሳያል። ለተመልካቹ አንድ ሣጥን ይመስላል፤ በእውነቱ ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ነው። ለእኛ ከተቀጽላ ስም ቀጥሎ የሚመረጠው ይህ ነው።

አይማፕ ለቀርፋፋ መስመርም ይስማማል። የኢ-ሜይል አባሪ የሚጓዘው ወደ ተራ ፊደላት ተለውጦ ነው፤ በዚህ ለውጥ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ፊደል ይሆናል። የ6 ሜጋባይት ፎቶግራፍ በመንገድ ላይ 8 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል ማለት ነው። በሰከንድ 256 ኪሎቢት በሚያስኬድ መስመር ይህ ከአራት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። አይማፕ ራስጌዎቹን ብቻ አስቀድሞ ስለሚያመጣ፣ አባሪውን ማውረድ አለማውረዱን የሚወስነው አንባቢው ይሆናል።

ወጪ ደብዳቤ

ገቢው ተሰበሰበ እንበል። ለተማሪው መልስ ሲጻፍ ግን ከየትኛው አድራሻ ይወጣል? ሰብሳቢው የአንድ አባል የግል ሣጥን ከሆነ መልሱ በዚያ አባል የግል ስም ይሄዳል። ተማሪው ለክበብ ጽፎ ከማያውቀው ሰው መልስ ይደርሰዋል፤ ቀጣዩን ደብዳቤ ለዚያው ሰው በግሉ ይልካል፤ ስብስቡም በዚሁ ይፈርሳል።

አብዛኞቹ አገልግሎቶች የ«ከ» መስመርን ለመለወጥ ይፈቅዳሉ። ነገር ግን ከላይ ያየነውን እናስታውስ። «ከ» ላይ ምዝገባ@ክበብ.ምሳሌ ብለን ጽፈን ደብዳቤውን በግል ሣጥኑ ሰርቨር በኩል ብንልክ፣ ፖስታውም ማኅተሙም የዚያ አገልግሎት ይሆናሉ፤ ከክበቡ ዶሜን ጋር አይገጥሙም። ክበቡ በዲማርክ መዝገቡ የማይገጥመው ሁሉ ይመለስ ብሎ አውጆ ከሆነ የገዛ ደብዳቤውን ራሱ አስመለሰ። ትክክለኛው አደራረግ በመልስ ጊዜ ደብዳቤው በክበቡ በራሱ ሰርቨር በኩል እንዲወጣ ማዘዝ ነው፤ ለዚህም የሰርቨሩ ስም፣ በር ቁጥር 587 ወይም 465፣ እንዲሁም የክበቡ ሣጥን የይለፍ ቃል ይሞላሉ። ቀጥሎም ደብዳቤው ወደ መጣበት አድራሻ በዚያው አድራሻ መልስ የሚለውን ምርጫ ማብራት ነው፤ ይህ ምርጫ ከጠፋ በሥራ ብዛት መካከል አንድ ቀን መሳሳት አይቀርም።

ክበቡ ለማስታወቂያ ሌላ የመላኪያ አገልግሎት ከጨመረ ያን አገልግሎት በኤስፒኤፍ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት አለበት። እዚህ ላይ አዘውትሮ የሚታየው ስሕተት ሁለተኛ የኤስፒኤፍ መዝገብ መጻፍ ነው። ደንቡ ለአንድ ዶሜን አንድ መዝገብ ብቻ ይፈቅዳል፤ ሁለት ከተገኙ ሁለቱም አይቆጠሩም። አዲሱ ሰርቨር በነባሩ መስመር ውስጥ ይጨመራል እንጂ አዲስ መስመር አይጻፍም።

መዝገብ ቤት

በአንድ ሣጥን የተሰበሰበ ደብዳቤ ካልተለየ ከተበታተነው የባሰ ይሆናል። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ደብዳቤውን ሁሉ በአንድ በር ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። በኢ-ሜይልም ይህን የሚሠሩ የማጣሪያ ትእዛዞች አሉ፤ በሰርቨር ላይ የሚጻፉበት ሲቭ የተባለ ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ደረጃ ሆኗል።

ማጣሪያ ሲጻፍ ብዙዎች በ«ለ» መስመር ላይ ይመሠርቱታል። ይህ ጎዶሎ ነው፤ በስውር ግልባጭ የመጣ ደብዳቤ በ«ለ» መስመሩ የእኛ አድራሻ የለውምና። የሚሻለው ተቀባዩ ሰርቨር ከፖስታው ገልብጦ በራስጌው ላይ የሚጨምረውን የማድረሻ አድራሻ መመልከት ነው። የተመዘገበ ስም ባይኖርም የሚመጣውን ሁሉ የሚቀበል ክፍት አድራሻ ማዘጋጀትንም አንመክርም፤ አጭበርባሪዎች ስሞችን እየገመቱ ስለሚልኩ ሣጥኑ በስፓም ይጥለቀለቃል። ይሁን እንጂ ፖስትማስተር የሚለው ስም የግድ ሊኖር ይገባል፤ ደብዳቤ የሚቀበል ዶሜን ሁሉ ይህን አድራሻ እንዲቀበል ደንቡ ያዝዛልና። የሌሎች ሰርቨሮች አስተዳዳሪዎች አንድ ነገር ሲበላሽ የሚጽፉት ለእርሱ ነው።

ሣጥኑን ሁለት ሦስት አባላት ከተጋሩት ሌላ ወጥመድ አለ። በአይማፕ የተነበበ የሚለው ምልክት የጋራ ነው። አንዱ አባል በስልኩ ከፍቶ አይቶ ነገ እመልሳለሁ ብሎ ቢተወው፣ ለሌሎቹ የተነበበ ሆኖ ይታያልና ማንም አይነካውም። የደሴው ተማሪ ደብዳቤ በተበታተኑት ሣጥኖች ዘመን የጠፋውን ያህል እዚህም ይጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ የሚመራለትን ሰው ስም የያዘ ምልክት ማድረግ፣ መልስ ያገኘውንም ወደ ሌላ ማህደር ማዛወር ያስፈልጋል። በዋናው ሣጥን የቀረ ሁሉ መልስ ያላገኘ ነው ማለት ይሆናል።

ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ሦስት አድራሻ በአንድ ሣጥን መሰብሰብ ሦስት በር በአንድ ቁልፍ መክፈት ነው። የድረ ገጹ፣ የማኅበራዊ ገጾቹና የዶሜን ምዝገባው የይለፍ ቃል ቢረሳ ማደሻው የሚላከው ወደዚሁ ሣጥን ነውና ሣጥኑን የያዘ ሁሉንም ያዘ። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እዚህ ላይ አማራጭ ሊሆን አይገባም። የዶሜን ምዝገባው ማደሻ አድራሻ ግን በዚያው ዶሜን ሥር እንዳይሆን እናሳስባለን። ዶሜኑ በሆነ ምክንያት ቢቋረጥ የማደሻው ደብዳቤ የሚደርስበት ሣጥን አብሮ ይጠፋል፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

የዶሜን ክፍያ ማለፍም እንደ ትንሽ ነገር አይታይ። የተተወ ዶሜን ለማንም ክፍት ነው። የወሰደው ሰው ኤምኤክሱን ወደ ራሱ ሰርቨር ያዞራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምዝገባ@ክበብ.ምሳሌ የሚጻፈው ሁሉ፣ የይለፍ ቃል ማደሻውን ጨምሮ፣ ለእርሱ ይደርሳል።

የተማሪዎች ክበብ ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለው፤ አባላቱ ይመረቃሉ። ሰብሳቢው ሣጥን የአንድ ተማሪ የግል ሣጥን ከሆነ ተማሪው ሲሄድ የክበቡ የዓመታት ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው የሰጠው ሣጥን ከሆነም ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሰብሳቢው ሣጥን በሰው ስም ሳይሆን በኃላፊነት ስም መከፈት አለበት፤ የይለፍ ቃሉንም ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንደኛው መምህር፣ ሊያውቁት ይገባል። በየዓመቱ መጨረሻ የሥራ ርክክብ ሲደረግ የሣጥኑ፣ የዶሜኑና የዲኤንኤስ መዝገቡ መግቢያዎች በጽሑፍ ይሰጡ፤ የይለፍ ቃሉም በዚያኑ ዕለት ይለወጥ።

የምንተማመንበትን ሁሉ መፈተሽ የሳይንስ ልማድ ነውና አንባቢ ይህን ሙከራ እንዲሠራ እንጋብዛለን። ከራሱ የግል አድራሻ ለክበቡ ሦስት አድራሻዎች አንድ አንድ ደብዳቤ ይላክ፤ አንዱን በስውር ግልባጭ ያድርገው። ሲደርሱ የደብዳቤውን ሙሉ ራስጌ የሚያሳየውን ምርጫ ይክፈት። እያንዳንዱ ሰርቨር ሲያልፍበት ከላይ አንድ የመቀበያ መስመር ስለሚጨምር መንገዱ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ስንት ሰርቨሮች እንደ ነኩት፣ በየትኛውም ስንት ሰከንድ እንደ ቆየ ይመዝግብ። ከዚያም ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ማለፋቸውን ወይም መውደቃቸውን የሚገልጸውን መስመር ይፈልግ። በመጨረሻ ከክበቡ ሣጥን ለራሱ ይመልስና በተመለሰው ደብዳቤ ላይ ያንኑ ይመልከት፤ በ«ከ» መስመር ያለው ዶሜንና ማኅተሙን የመታው ዶሜን አንድ ናቸውን?